ማንም ያልረዳው አጫጅ

ቅዳሜ፣ በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ታላቅ እህቴ የጻፈችው የሥነ ጽሑፍ ጥናት ተመለሰላት። ጽሑፉ አሥራ አራት ገጽ ነበር። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጭብጡ ተስቷል» ተብሎ ተጽፎበታል። ሰዓቱን የያዝሁት የኮሌጁ ግቢ በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት ስለነበር ነው። ከክፍል ብቅ አለችና ወረቀቱን በእጄ አስጨብጣኝ፣ «ያዝልኝ፤ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊጀምር ነው» ብላ ተመለሰች።

እህቴ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከቡሬ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚወስድ የገጠር ትምህርት ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ስታስተምር ኖራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ፊደል ቆጣሪዎችን። ዲግሪ መማር የጀመረችው ልጆቿ ራሳቸውን ከቻሉ በኋላ ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ትማራለች፤ ያውም መንገድ ክፍት በሆነባቸው ሳምንታት። መንገድ ሲዘጋ ትምህርቱ ይቆማል፤ ሲከፈት ካቆመበት ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት በአራት ዓመት ያልቃል የተባለው ትምህርት ስድስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የቀራት አንድ ኮርስ ብቻ ነው፤ የአጭር ልብ ወለድ ጥናት።

ትምህርት ቤቷ ዘጠነኛ ክፍል ከከፈተ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። የአማርኛ መምህሩ ወደ ደምበጫ ተዛውሮ ስለሄደ ቦታው በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ዲግሪ ላለው ሰው ይሰጣል ተብሏል። ርእሰ መምህሩ «እስከ ጥር መጨረሻ እጠብቅሻለሁ» ብሏታል። ኮርሱን ከወደቀች የሚደገመው በዓመቱ ነው፤ ቦታው ግን ዓመት አይጠብቅም። በእጄ የያዝሁት ወረቀት ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነበር።

እኔ ዘጋቢ ነኝ። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ፍርድ ቤት ውሎ ስጽፍ ፀጉሬ ሸብቷል። አጭር ልብ ወለድ አነባለሁ እንጂ አላጠናም። እህቴ ግን በጥቅምት መጀመሪያ ታሪኩን ይዛልኝ መጥታ፣ «አንተ ከወረቀት ጋር ነው የምትውለው፤ እስቲ ምን ይታይሃል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር።

ታሪኩ ዘጠኝ ገጽ ነው። ከአንድ አሮጌ መድበል ከተማሪ ወደ ተማሪ በፎቶ ኮፒ ሲባዛ የኖረ በመሆኑ የደራሲው ስም ያለበት ጠርዝ ተቆርጦ ጠፍቷል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ አለ። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጁ አገር ጥሎ ሄዷል። ጤፉ ደርሷል፤ ያለ ወቅቱ ደመና ይከብዳል። ታሪኩን የሚተርኩት «እኛ» የሚሉ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ስም የላቸውም። «ወንፈል ገባንለት» ይላሉ። በአንድ ቀን አጭደው ይከምሩለታል። ሽማግሌው ቆሎና ውሃ ያቀርባል። ቆርጥመው፣ ጠጥተው ይሄዳሉ፤ ያመሰገነ የለም፣ የመረቀም የለም። በሳምንቱ ሽማግሌው ማጭዱን ይዞ ከእነሱ የአንደኛው ማሳ ላይ ይገኛል። እጁ ይንቀጠቀጣል። እንደ ሌላው ሁሉ ድርሻው ተለክቶ ይሰጠዋል። ሌሎቹ ጨርሰው ጥላ ሥር ማጭዳቸውን ሲስሉ እሱ ድርሻውን ገና አላጋመሰም። ፀሐይ ትገባለች። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሁለት ቃል ነው፤ «ማንም አልረዳውም።»

በዚያን ጊዜ የነገርኋት ትዝ ይለኛል። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ እንደ ልማዴ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት ብዬ ከፋፍዬ ጻፍሁላትና፣ «ጭብጡ ጭካኔ ነው፤ ድህነት ጎረቤትን ከጎረቤት አደንድኖታል» አልኋት። የኮርሱ መምህር የሚያስተምርበት ማስታወሻም ቃል በቃል ይህንኑ ይላል። ለዓመታት እንደዚያ ሲማሩት ኖረዋል። እሷ ደብተሬን አየችው፤ አመሰገነችኝ፤ ሄደች። ከዚያ ሌላ ነገር ጻፈች።

ስድስት ሰዓት ላይ ከክፍል ወጣች። አብረዋት የሚማሩ ሁለት ወጣት መምህራን ተከትለዋት ነበር። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። አንደኛው ወጣት ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«እትዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ጭካኔ ብለው ይጻፉና ይገላገሉ! ጭካኔ ምን አለበት?»

«ምን አለበት ትላለህ? የሌለ ጭካኔ ልጻፍ?»

«አለ እንጂ! ‘ማንም አልረዳውም’ ይላል እኮ።»

«ልጄ፣ አንተ የት ነው ያደግኸው?»

«ደብረ ማርቆስ።»

«መሃል ከተማው?»

«መሃል ከተማው።»

«በል ሻይህን ጠጣ።»

ሳቁ። ልጁም ሳቀ፤ ግን አልተረታም። መምህሩ ሁለት መንገድ ሰጥቷት ነበር፤ ወይ ጭብጡን አስተካክላ መልሳ ታስገባለች፣ ወይ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጭብጧን ሳትለውጥ ጽሑፏን በክፍሉ፣ በእሱና ከሌላ ቦታ በሚመጣ ፈታኝ ፊት ትከላከላለች። የመጀመሪያው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማለፊያው የተረጋገጠ ነው። እኔም የተስማማሁት ከልጆቹ ጋር ነበር።

«እታለም፣» አልኋት፣ «የቀረሽ አንድ ኮርስ ነው። የሚፈልጉትን ስጫቸውና ክፍልሽን ያዢ።»

«አያ ጋዜጣ!» አለችኝ። እንዲህ የምትጠራኝ ስትናደድብኝ ነው። «አንተ ዜና ስትጽፍ ሹሙ ያለህን ነው የምትጽፈው?»

«አንዳንዴ።»

«አንዳንዴ!» አለችና ወደ ልጆቹ ዞረች። «ሰምታችኋል፤ ከራሱ አፍ ነው።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያሰበችውን አስረዳችን። ደቦና ወንፈል አንድ አይደሉም። ደቦ የሚጠራው አቅም ያነሰው ወይም ሥራ የበዛበት ሰው ነው፤ ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ያቀርባል፣ የመጣለት ሰው በልቶ ጠጥቶ መርቆት ይሄዳል፤ ጉልበቱ አይመለስም። ወንፈል ግን ቀን በቀን ነው። ዛሬ የኔን ታጭዳለህ፣ ነገ የአንተን አጭዳለሁ፤ ምርቃትም ምስጋናም የለበትም፤ ምክንያቱም ማንም ለማንም አልቸረም። ጎረቤቶቹ ሽማግሌው እንደማይችል ያውቃሉ። ደቦ ቢሉት ኖሮ ምጽዋት ይሆንበት ነበር። ወንፈል አሉት። ወንፈል ካሉት ደግሞ ቀኑን ሊመልስ የሚችል ሰው ነው ብለው ቆጠሩት ማለት ነው።

«እና ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አልሁ። የሥራዬ ጠባይ ነው።

«ቆሎው ነዋ! ጠላ የሌለበት ደቦ የት አየህ?»

«ድሃ ነው። ከየት ያምጣ?»

«ድሃ ከሆነ ለምን ማንም አላዘነለትም? ለምን አንዱ እንኳ ‘አይ የኛ ነገር፣ ቆሎ ብቻ’ አላለም? ቆሎ የቀረበው ቆሎ የሚቀርብበት ሥራ ስለሆነ ነው።»

አላሳመነችኝም። በእኔ ሙያ አንድ ምንጭ ምንጭ አይባልም፤ እህትም ብትሆን። ሁለታችንም የተወለድነው እሷ ዛሬ በምትኖርበት መንደር ነው። እኔ በአሥራ አንድ ዓመቴ ለትምህርት ፍኖተ ሰላም አጎቴ ዘንድ መጥቼ እዚያው ቀረሁ፤ እሷ አልወጣችም። ሁለቱንም ቃላት አውቃቸዋለሁ፤ በዜናዬ ውስጥም ሁለቱንም «የመረዳዳት ባህል» እያልሁ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ላጣራ ወሰንሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ቡሬ ወርጄ በእግሬ ወደ መንደሩ ሄድሁ። በርበሬው በየግቢው ተሰጥቶ ቀልቷል፤ መንገዱን ሁሉ ያስነጥሳል። እህቴ ከጠዋቱ ፈረቃ ወጥታ ጠበቀችኝ። የጎረቤቷ ጤፍ የሚታጨደው የዚያን ዕለት ነበር፤ አሥራ አንድ ሰው ወንፈል ገብቷል። ማሳው ዳር ግራር ሥር ተቀመጥን። እኔ ደብተሬን አወጣሁ።

ከአጫጆቹ መካከል ሰባ ዓመት የዘለሉ አንድ አዛውንት ነበሩ። ባለፈው ክረምት ከበቅሎ ወድቀው ቀኝ ትከሻቸው እንደ ልብ አይታዘዝላቸውም። ሌሎቹ በአንድ መስመር ሲገፉ እሳቸው ወደ ኋላ ቀሩ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሌሎቹ ድርሻቸውን ጨርሰው ወደ ጥላው መጡ፤ ተቀመጡ። አዛውንቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሦስት ጊዜ ቀና ብለው ትከሻቸውን በግራ እጃቸው ሲያሹ አየሁ።

የሠራሁትን ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ። ደብተሬን ሣር ላይ አስቀመጥሁ፤ አጠገቤ ተጋድሞ የነበረ የሰው ማጭድ አነሣሁ፤ ከሌላኛው ጫፍ ገብቼ የአዛውንቱን ድርሻ ማጨድ ጀመርሁ። እህቴ «አንተ! ተመለስ!» ስትል ሰምቻለሁ። በዚያ ሙቀት መሥራቴ አሳዝኗት መስሎኝ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ጎንበስ ብዬ ሠራሁ። እጄ የልጅነቱን አልረሳም ነበር፤ ደስ አለኝ። ቀና ስል ወሬው ሁሉ ቆሟል። አዛውንቱ ማጭዳቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ያዩኛል።

«ልጄ፣ ማን ጠራህ?»

«አባቴ፣ ትከሻዎን አሞዎታል ብዬ ነው። ትንሽ ልርዳዎት ብዬ።»

«እርዳኝ ብዬሃለሁ?»

«አላሉም።»

«ሰኞ እነዚህ ሰዎች የኔን ዳጉሳ ሊያጭዱ ይመጣሉ። በምን ፊት ልቀበላቸው ነው? ‘ግማሹን ጋዜጠኛ አጨደልኝ፤ እናንተ ግን ሙሉውን እጨዱልኝ’ ልበላቸው?»

ከጥላው ሥር አንዱ፣ «አይፍረዱበት፤ ከተሜ ነው፤ ማጭድ ሲያይ ጓጉቶ ነው!» አለ። ሌላው ቀጠለ፤ «አጨዳውስ ደህና ነበር፤ የሰው ቀን ባይነጥቅ!» ሁሉም ሳቁ፤ አዛውንቱ ብቻ አልሳቁም።

ባለ ማሳው ተነሣ። ከእኔ ጋር አልተነጋገረም። እኔ ያጨድሁትን በዓይኑ ለካ፤ ለነገ ከተተወው ጤፍ ላይ ያንኑ ያህል በእርምጃ ለክቶ፣ «በሉ፣ ይቺ የእርስዎ ናት» አላቸው። አዛውንቱ ማጭዳቸውን አንሥተው ወደዚያ ሄዱ። እኔ የቀነስሁላቸው የመሰለኝ ሥራ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም፤ እስከዚያ የሚሄዱበትን ጊዜ ጨመርሁባቸው።

ተመልሼ እህቴ አጠገብ ተቀመጥሁ። ላብ አጥምቆኛል። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር ሰዓት ከሃምሳ። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፤ የጨረሱት አሥሩ ሰዎች ከብት የሚያስገባም፣ ውሃ የሚቀዳም፣ ሩቅ የሚሄድም አለባቸው። አንድም ሰው አልተነሣም። ድንጋይ ላይ ማጭዳቸውን ይስላሉ፤ ስለ በርበሬ ገበያ ያወራሉ፤ አዛውንቱን የሚያያቸው የለም። ላለማየት በደንብ ይጠነቀቃሉ።

«አሁን ጻፍ» አለችኝ እህቴ ቀስ ብላ። «ምን እየሠሩ ነው?»

«ማጭድ ይስላሉ።»

«ማጭዱ ተስሏል። ከተሳለ ቆየ እኮ። ለምን አይሄዱም?»

ያን ጊዜ ታሪኩ ስምንተኛ ገጽ ላይ ያለው ነገር ትዝ አለኝ። ጎረቤቶቹ ጨርሰው ጥላ ሥር ሲቀመጡ ገና ፀሐይ ሰማይ ላይ ናት። ታሪኩ ሲያልቅ ፀሐይ ገብታለች፤ እነሱ ግን አሁንም እዚያው ናቸው። በደብተሬ ላይ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት ብዬ ስከፋፍል ሁለቱንም ሰዓቶች ጽፌያቸው ነበር። በመሃላቸው ያለውን ጊዜ ግን አልጠየቅሁም። አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ አዛውንቱ ጨረሱ። ሁሉም አብረው ተነሡ፤ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው እየተጨዋወቱ ሄዱ። «ጎበዝ» ያላቸው የለም፤ «እንኳን ጨረሱ» ያለም የለም። አዛውንቱ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ አትቀየመኝ።»

«እርስዎ ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ።»

«ጥሩ ታጭዳለህ። በሚመጣው ዓመት ጤፍ ዝራና ወንፈል ግባ» ብለውኝ አለፉ።

የዚያን ምሽት እህቴ ቤት እያለሁ፣ ያየሁትን ጽፌ ከጥናቱ ጋር እንድታያይዘው ጠየቅኋት። ቀን፣ ሰዓት፣ ምስክር፣ ሁሉም ነበረኝ። ፊርማዬን አኖርበታለሁ አልኋት።

«አይሆንም» አለችኝ።

«ለምን? ማረጋገጫ ነው እኮ።»

«የመምህሩ ጥያቄ ስለ ታሪኩ ነው እንጂ ስለ ቡሬ አይደለም። ታሪኩ ውስጥ ከሌለ የለም። ከኖረ ደግሞ አንተ አታስፈልገኝም።»

በሥራ ዘመኔ ብዙ ምንጮች ማስረጃ ስለሌላቸው ሲከለክሉኝ አይቻለሁ። ማስረጃ ሲቀርብለት፣ ይህ ለጉዳዩ አይሆንም ብሎ የመለሰ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ደብተሬን ዘጋሁት።

በእነዚያ ቀናት የቀረኝ ሥራ ማረም ነበር። የበዙ ቅጽሎችን ቀነስሁላት፤ «ምናልባት» የሚለውን ብዙ ቦታ ሰረዝሁ። ስለ ገጸ ባህርያቱ የጻፈችውን ክፍል አልነካሁትም። ታሪኩ ውስጥ ሁለት ገጸ ባህርያት ብቻ አሉ ትላለች፤ አንደኛው ሽማግሌው፣ ሁለተኛው «እኛ»። «እኛ» ብዙ ሰው ቢሆንም አንድ ጠባይ አለው፤ ቁጥብ ነው። ስለ ራሱ በጎ ነገር አይናገርም። ስለ አተራረኩ የጻፈችውን ደግሞ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ተራኪው ስሜትን የሚገልጽ አንድም ቃል አልተጠቀመም፤ ደመናው ከብዷል ይላል እንጂ ፈራን አይልም፤ እጁ ይንቀጠቀጣል ይላል እንጂ አሳዘነን አይልም። ይህን የልብ ድንዳኔ ብለው የሚያነቡት ብዙዎች ናቸው። ከዚያ በራሷ እጅ እንዲህ የሚል ጨምራለች፤ «ለጎረቤቱ ያደረገውን የሚያወራ ሰው ዋጋውን ተቀብሏል፤ እነዚህ ተራኪዎች ዋጋቸውን ላለመቀበል ዝም አሉ።» ዐረፍተ ነገሩን እኔ ብጽፈው ብዬ ተመኘሁ፤ አልነገርኋትም።

መከላከያው የተካሄደው በታኅሣሥ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ከመጨረሻው ረድፍ እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ። ክፍሉ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች፣ ኮርሱን የሚሰጠው መምህርና ከሌላ ቦታ የመጡ አንዲት ፈታኝ ነበሩ። መምህሩ በዕድሜ ከእህቴ የበኩር ልጅ የሚያንስ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ሥርዓተኛ። ሁልጊዜም «መምህርት» እያለ ነው የሚጠራት። ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ ከሰሌዳው ፊት ቆመች። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ እስኪያልቅ ድረስ አላነሣችውም።

ሃያ ደቂቃ ተናገረች። የቆሎውን፣ የዝምታውን፣ የሁለቱን ሰዓቶች ነገር በተራ አስረዳች። የማጭዱ መሳል ላይ ስትደርስ ደብረ ማርቆስ ያደገው ልጅ ከፊቴ ጎንበስ ብሎ ፎቶ ኮፒውን ሲገልጥ አየሁት።

መምህሩ ጠየቃት። «መምህርት፣ ደራሲው ይህን ሁሉ አስቦ መጻፉን በምን አወቁ?»

«አላወቅሁም።»

ክፍሉ ውስጥ ጉርምርምታ ተሰማ።

«ደራሲውን አላውቀውም፤ ስሙም ከወረቀቱ ጠፍቷል። እኔ የማውቀው ተራኪውን ነው። ተራኪው ወንፈል ብሏል፤ ቆሎ ብሏል፤ ፀሐይ እስክትገባ ተቀምጧል። ከዚህ ውጭ ያለውን አልነካሁም።»

«ማስታወሻው ግን ጭካኔ ነው የሚለው።»

«አዎ። ማስታወሻውን አንብቤዋለሁ።»

«ተሳስቷል ነው የሚሉት?»

ይህን ጊዜ እጄ ላይ ያለው እስክሪብቶ ቆመ። ወጥመድ መሰለኝ፤ መምህሩ ግን የጠየቀው ሊያጠምዳት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። እህቴ መልስ ሳትሰጥ ፈታኟ ገቡ። በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ ሴት ናቸው።

«እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ያሉትን ተቀብያለሁ፤ አክብረውታል፤ ጠብቀውታል። ታዲያ ‘ማንም አልረዳውም’ የሚለው ሲነበብ ለምን ያማል? ክብር ብቻ ከሆነ ለምን በዚያ ቃል ይዘጋል?»

እህቴ ለመመለስ ጊዜ ወሰደች። በሰዓቴ አልያዝሁትም፤ የሥራ ጥፋት ነው። ወደ መስኮቱ አየች፤ ከዚያ ወደ ፈታኟ።

«እነሱንም ስለሚያማቸው ነው» አለች። «ባያማቸው ‘ሽማግሌው አልጨረሰም’ ብለው ይተዉት ነበር። ‘ማንም’ ሲሉ ራሳቸውን ጨምረው ነው። ቢረዱት ቀኑን ይወስዱበታል፤ ካልረዱት ትከሻው ይሰበራል። ሁለቱንም ያውቃሉ። አንዱን መረጡ፤ የመረጡት ግን አላስደሰታቸውም።»

«እንግዲያው ጭካኔም አለበት?»

«ለሚያየው ሰው አለበት። በመጀመሪያው ጽሑፌ ጭካኔ የለበትም ብዬ ነበር፤ ይህኛው ላይ ያንን ሰርዤዋለሁ። ዐሥረኛው ገጽ ላይ ያገኙታል። ማስታወሻው አልተሳሳተም፣ መምህር፤ ቶሎ ነው የቆመው።»

መምህሩ ዐሥረኛውን ገጽ ገለጠ። አነበበ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«እኔ ያደግሁት ከተማ ነው» አለ። «ይህን ማስታወሻ ከመምህሬ ነው የተረከብሁት፤ እሳቸውም ከመምህራቸው። ቆሎውን ሁልጊዜ የድህነቱ ምልክት አድርጌ ነው የማስተምረው።» ቀጥሎም፣ «የጽሑፍዎን አንድ ቅጂ ለራሴ ልያዝ?» አላት።

«የአንተ ነው» አለችው። ከዚያ መሳሳቷ ገብቷት «የእርስዎ ነው» ብላ አረመች። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩም ሳቀ።

በሕይወቴ ብዙ ስብሰባ ተቀምጬ ሰው ሲናገር ጽፌያለሁ። የተቃወመው ሰው ፊት ቆሞ፣ ልክ የሆነበትን ሳይለቅ የተሳሳተበትን ራሱ የሚያወጣ ሰው ስንት ጊዜ እንዳየሁ ብጠየቅ ጣቶቼ ይበቁኛል። በዚያ ቀን ደብተሬ ላይ የጥያቄና መልሱ ተራ ሲመጣ እንደ ደንቡ «መላሽ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ከላይ እስከ ታች «እህቴ» ብዬ ነው የጻፍሁት። ደብተሩ አሁንም አለ።

ወደ መናኸሪያው ስንሄድ ክንዴን ያዘችኝ።

«ነጠላዬን ደጋግሜ ሳጣፋ አየኸኝ አይደል?»

«አላየሁም።»

«አንተ ደግሞ ምን ታያለህ!» አለችና ሳቀች። ቀጥላም፣ «ሴትዮዋ ግን ጎበዝ ናቸው። ያንን ጥያቄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈርቼው ነበር» አለች።

«መልሱን አዘጋጅተሽ ነበር ማለት ነው?»

«የለም። እዚያው ነው የመጣልኝ።»

የቡሬው ሚኒባስ ሞልቶ ስለነበር ረዳቱ ከሾፌሩ ኋላ አጥብቦ አስቀመጣት። በመስኮቱ በኩል ወረቀቱን አወዛወዘችልኝ፤ ቀዩ ጽሑፍ ያለበት የመጀመሪያው ቅጂ ነበር። ለምን ይዛው እንደመጣች ጠይቄያት አላውቅም።

ውጤቱ የተለጠፈው በጥር ሁለተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በመታወቂያ ቁጥሯ ትይዩ ያለው ፊደል «ኤ» ነበር። የመመረቂያዋ ጊዜያዊ ማስረጃ ጥር ሃያ አምስት ቀን ተሰጣት፤ በማግስቱ ለርእሰ መምህሩ አስረከበች። በየካቲት የመጀመሪያው ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። መዝገቡ ላይ የሰፈሩት አርባ ሦስት ተማሪዎች ናቸው፤ የዚያን ዕለት ሠላሳ ዘጠኙ ተገኝተዋል።